የአውሮፕላኖች አደገኛ መቀራረብና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የሥራ ጫና

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ንብረትነታቸው የጃፓን አየር መንገድ የሆኑ ሁለት አውሮፕላኖች በሺዙኦካ ግዛት አቅራቢያ በባሕር ላይ ሲበሩ ለጥቂት ከመጋጨት ተርፈዋል። በሁለቱ አውሮፕላኖች ውስጥ በድምሩ 677 ሰዎች ተሳፍረው ነበር። የአንደኛው አውሮፕላን አብራሪ በመጨረሻዋ ቅጽበት አውሮፕላኑን በኃይል ወደ ታች በማዝቀጡ 100 ያህል ሰዎች ጉዳት ደርሶባቸዋል። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

የችግሩ መነሻ የአንድ በረራ ቁጥር መሳሳት ነበር። በቶኪዮ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሥራ ላይ ሥልጠና ላይ የነበረ ተቆጣጣሪ ከፍታ እንዲቀንስ የሚያዘውን መመሪያ ለበረራ ቁጥር 958 መስጠት ሲገባው ለበረራ ቁጥር 907 ሰጠ። ሥራውን በቅርብ ይከታተሉ የነበሩት አሠልጣኝም ስህተቱን በጊዜው አላስተዋሉም። በአውሮፕላኖቹ ላይ የተገጠመው የግጭት መከላከያ መሣሪያ በረራ 907 ከፍ፣ በረራ 958 ደግሞ ዝቅ እንዲል አመልክቶ ነበር። የበረራ 907 አብራሪ ግን የተቆጣጣሪውን ቃል በመከተል ዝቅ ማለቱን በመቀጠሉ ሁለቱም አውሮፕላኖች በአንድ አቅጣጫ ወረዱ።

ከ17 ወራት በኋላ ተመሳሳይ የመመሪያ መጋጨት በአውሮፓ ሰማይ ላይ ተደገመ። በዚያን ጊዜ ከሁለቱ አውሮፕላኖች በሕይወት የተረፈ አንድም ሰው አልተገኘም።

በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት ያወጧቸው ሪፖርቶች እንደሚያመለክቱት፤ ከአንድ ተቆጣጣሪ ስህተት በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በአመራር ደረጃ የተወሰነ ወይም ሳይወሰን የቀረ ጉዳይ ይገኛል። የሰው ኃይል ምደባ፣ የመሣሪያ ጥገና መርሐ ግብር፣ የፈረቃ አደረጃጀትና የቀደሙ ማስጠንቀቂያዎች አያያዝ ከእነዚህ መካከል ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

የመራራቅ ደንብ

የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ዋነኛ ተግባር በአውሮፕላኖች መካከል የተወሰነ ርቀት እንዲጠበቅ ማድረግ ነው። በራዳር ክትትል በሚደረግበት የአየር ክልል በረጅም ጉዞ ላይ ባሉ አውሮፕላኖች መካከል በአብዛኛው 5 ኖቲካል ማይል ወይም 9.3 ኪሎ ሜትር ያህል የጎን ርቀት ይጠበቃል። በአውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢ ይህ ርቀት ወደ 3 ኖቲካል ማይል ወይም ወደ 5.6 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። የጎን ርቀቱ ከዚህ ሲያንስ በአውሮፕላኖቹ መካከል ቢያንስ የ1,000 ጫማ ወይም የ300 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ሊኖር ይገባል።

ርቀቱ በቁጥር ሲታይ ሰፊ ቢመስልም በጊዜ ሲመዘን አጭር ነው። እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ሲመጡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በ30 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። በዚህ ፍጥነት የ9.3 ኪሎ ሜትር ርቀት ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ከተደነገገው ርቀት በታች የሆነ መቀራረብ ሁሉ ለግጭት የቀረበ ነው ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ አውሮፕላኖቹ በባለሙያ ጥንቃቄ ሳይሆን በአጋጣሚ የተረፉበት አጋጣሚ ሲመዘገብ፣ የመከላከያው ሥርዓት በአንድ ቦታ ላይ ክፍተት እንዳለበት ያሳያል።

የሥራ ጫና በምን ይለካል

የተቆጣጣሪ የሥራ ጫና በአውሮፕላኖች ብዛት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከፍታቸውን ጠብቀው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዙ አሥር አውሮፕላኖች፣ በተለያየ ፍጥነት ከሚወጡና ከሚወርዱ አምስት አውሮፕላኖች ያነሰ ጫና ሊያስከትሉ ይችላሉ። የአየር ጠባይ መለወጥ፣ የሬድዮ መስመር መጨናነቅ፣ ከአጎራባች ማዕከላት ጋር የሚደረግ የስልክ ግንኙነትና በጥገና ላይ ያለ መሣሪያ ጫናውን ከሚያባብሱ ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳሉ።

ተቆጣጣሪው የእያንዳንዱን አውሮፕላን ቦታ፣ ከፍታና ቀጣይ እንቅስቃሴ በአእምሮው ይዞ ይሠራል። ትኩረቱ በሌላ ጉዳይ ሲወሰድ ከዚህ የአእምሮ ምስል ውስጥ አንድ አውሮፕላን ሊጠፋ ይችላል። ባለሙያዎቹ ሥራን በሁለት ሰው ማረጋገጥ፣ መረጃን በጽሑፍ መያዝና የራዳር ማስጠንቀቂያን መጠቀም አስፈላጊ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ዓመታዊ የበረራ ቁጥርም ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። መንገደኞች ከአንድ በረራ ወደ ሌላው በሚሸጋገሩባቸው ማዕከላት፣ አዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን ጨምሮ፣ በርካታ በረራዎች በተወሰኑ ሰዓታት ተከታትለው ያርፋሉ፤ ተከታትለውም ይነሳሉ። ስለሆነም ጫናው የሚመዘነው በዓመቱ አማካይ ሳይሆን በጣም በሚጨናነቀው ሰዓት ነው።

ጫናው ከአቅም በላይ እንዳይሆን የአየር ክልሉ በዘርፍ ተከፋፍሎ ለተለያዩ ተቆጣጣሪዎች ይደለደላል። አንድ ዘርፍ ከተቀመጠለት የሰዓት አቅም በላይ በረራ ሊገባበት ሲሆን አውሮፕላኖች ከመነሻቸው ሳይነሱ እንዲቆዩ ይደረጋል። በአውሮፓ ይህን ሥራ ዋና መሥሪያ ቤቱ ብራስልስ የሆነው ዩሮኮንትሮል ያስተባብራል። መንገደኛን የሚያሰለች መዘግየት ብዙ ጊዜ ይኸው ጥንቃቄ የሚያስከትለው ነው።

ሎስ አንጀለስ፣ 1991

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 ምሽት በሎስ አንጀለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በማረፍ ላይ የነበረ ቦይንግ 737 አውሮፕላን፣ በዚያው መንደርደሪያ ላይ የመነሻ ፈቃድ በመጠባበቅ ቆሞ የነበረን አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ከኋላው ገጭቷል። በአደጋው በአነስተኛው አውሮፕላን የነበሩት 12 ሰዎች በሙሉና በቦይንግ አውሮፕላኑ ከነበሩት 23 ሰዎች፣ በድምሩ 35 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

አነስተኛው አውሮፕላን ወደ መንደርደሪያው ገብቶ እንዲጠብቅ ያዘዘችውም ሆነ ለቦይንግ አውሮፕላኑ የማረፊያ ፈቃድ የሰጠችው አንዲት ተቆጣጣሪ ነበረች። በዚያን ሰዓት የሌላ አውሮፕላን የበረራ መረጃ የሰፈረበት ቁራጭ ወረቀት ከሥራ ቦታዋ ላይ በመታጣቱ ትኩረቷ በዚያ ተወስዶ ነበር። በመሬት ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን የሚያሳየው ራዳርም በዕለቱ አይሠራም ነበር።

አደጋውን የመረመረው የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ተቆጣጣሪዋ የትራፊኩን ሁኔታ ግንዛቤ ማጣቷን አረጋግጧል። ነገር ግን ለአደጋው ምክንያት ብሎ በቅድሚያ ያስቀመጠው የመቆጣጠሪያ ተቋሙ አመራር የአንድ ሰው ስህተት በሌላ ሰው የሚታረምበትን አሠራር ተግባራዊ አለማድረጉን፣ እንዲሁም የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በቂ የፖሊሲ አመራርና ክትትል አለመስጠቱን ነው። ከአደጋው በኋላ አውሮፕላኖች በምሽት በመንደርደሪያ መሐል መጋጠሚያዎች ላይ ቆመው እንዳይጠብቁ የሚከለክል መመሪያ ወጥቷል።

ዩበርሊንገን፣ 2002

እ.ኤ.አ ጁላይ 1 ቀን 2002 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ35 ላይ በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ አቅራቢያ አንድ የሩሲያ ቱፖሌቭ 154 የመንገደኞች አውሮፕላንና አንድ ቦይንግ 757 የጭነት አውሮፕላን በአየር ላይ ተጋጭተው 71 ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ከባሽኮርቶስታን ሪፐብሊክ ለዕረፍት ወደ ስፔን ይጓዙ የነበሩ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ።

የአየር ክልሉን ይቆጣጠር የነበረው ስካይጋይድ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት የዙሪክ ማዕከል ነው። በዚያ ሌሊት ሁለት ተቆጣጣሪዎች ተረኛ የነበሩ ሲሆን አንደኛው ለዕረፍት ወጥቶ ነበር። የቀረው ተቆጣጣሪ በሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች መካከል እየተመላለሰ በሁለት የሬድዮ መስመሮች ይሠራ ነበር። ዘግይቶ የመጣ አንድ ኤርባስ አውሮፕላን ፍሪድሪክስሃፈን ላይ ለማረፍ ሲቃረብ ትኩረቱ ወደዚያ ተሳበ።

በዚያው ሌሊት በማዕከሉ የጥገና ሥራ ይካሄድ ስለነበር ዋናው የስልክ መስመር ተዘግቷል፤ የመጠባበቂያው መስመርም በብልሽት አልሠራም። የግጭት ማስጠንቀቂያው በስክሪን ላይ አይታይም ነበር። በጎረቤት ካርልስሩህ ማዕከል የነበሩ ተቆጣጣሪዎች አደጋውን አስቀድመው አይተው በተደጋጋሚ ቢደውሉም የዙሪክን ማዕከል ማግኘት አልቻሉም።

ተቆጣጣሪው የመቀራረቡን ሁኔታ ተገንዝቦ ለቱፖሌቩ ዝቅ እንዲል መመሪያ ሲሰጥ ለግጭቱ የቀረው ጊዜ ከ45 ሰከንድ ያነሰ ነበር። ወዲያውኑ በቱፖሌቩ ላይ የተገጠመው መሣሪያ ከፍ እንዲል፣ በጭነት አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ደግሞ ዝቅ እንዲል አመለከቱ። የቱፖሌቩ አብራሪዎች የተቆጣጣሪውን፣ የጭነት አውሮፕላኑ አብራሪዎች የመሣሪያውን መመሪያ በመከተላቸው ሁለቱም ወረዱ። በጃፓን የታየው ክፍተት በዚህ መልኩ ተደገመ። እ.ኤ.አ በ2003 ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ሁለቱ መመሪያዎች ሲጋጩ አብራሪዎች መሣሪያውን እንዲከተሉ የሚያዘውን ደንብ ግልጽ አድርጓል።

የጀርመን የአደጋ ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ የድርጅቱ አመራር በሌሊት አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን እንዲሠራ ለዓመታት በዝምታ ማለፉን አስፍሯል። ተቆጣጣሪው ግን ይህ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 2004፣ ቤተሰቦቹን በአደጋው ባጣ ግለሰብ በመኖሪያ ቤቱ ተገድሏል።

ዋሽንግተን፣ 2025

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት በዋሽንግተን ሮናልድ ሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች ጄትና አንድ የጦር ኃይል ሄሊኮፕተር በፖቶማክ ወንዝ ላይ ተጋጭተው በጄቱ የነበሩት 64፣ በሄሊኮፕተሩ የነበሩት 3፣ በድምሩ 67 ሰዎች ሞተዋል። በአደጋው ሰዓት በማማው ውስጥ የሄሊኮፕተሮችና የአውሮፕላኖች ቁጥጥር ተጣምሮ በአንድ ተቆጣጣሪ ይከናወን ነበር።

የብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በማርች 2025 ይፋ ባደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት የቀደሙ መረጃዎችን መርምሯል። በሪፖርቱ መሠረት ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 በአውሮፕላን ማረፊያው 944,179 የንግድ በረራ እንቅስቃሴዎች ተካሂደዋል። በዚሁ ጊዜ በንግድ አውሮፕላኖችና በሄሊኮፕተሮች መካከል የጎን ርቀቱ ከ1 ኖቲካል ማይል፣ የከፍታ ልዩነቱም ከ400 ጫማ ያነሰባቸው 15,214 መቀራረቦች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ በ85ቱ የጎን ርቀቱ ከ1,500 ጫማ፣ የከፍታ ልዩነቱ ደግሞ ከ200 ጫማ ያነሰ ነበር።

ቦርዱ የሄሊኮፕተሮቹ መስመር ወደ አንደኛው መንደርደሪያ ከሚያወርደው የአውሮፕላኖች መስመር በከፍታ የሚለየው በአንዳንድ ሁኔታ በ75 ጫማ ወይም በ23 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን በመግለጽ አስቸኳይ ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም የመስመሩን ክፍል ዘግቷል። ለእርምጃው መሠረት የሆነው መረጃ ግን ከአደጋው በፊትም ተመዝግቦ የነበረ ነው።

በአንድ የበጀት ዓመት የማይፈታ እጥረት

የተቆጣጣሪዎች እጥረት በአጭር ጊዜ የሚሞላ ክፍተት አይደለም። አንድ ምልምል መሠረታዊ ሥልጠናውን አጠናቆ በተመደበበት ማዕከል ብቻውን ለመሥራት እስኪበቃ ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ያገኘው የብቃት ማረጋገጫም በሌላው በቀጥታ አያገለግልም።

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ ኦገስት 1981 በፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ትዕዛዝ የሥራ ማቆም አድማ ላይ የነበሩ ከ11,000 በላይ ተቆጣጣሪዎች ተሰናብተዋል። በምትካቸው በአንድ ወቅት በብዛት የተቀጠሩት ባለሙያዎች በተቀራረበ ጊዜ ለጡረታ በመድረሳቸው የውሳኔው ጫና ከሃያ ዓመታት በኋላ እንደገና ታይቷል። በአገሪቱ ሕግ ተቆጣጣሪዎች በ56 ዓመታቸው ከቁጥጥር ሥራ ይወጣሉ።

የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ ወሳኝ ከተባሉ 26 የመቆጣጠሪያ ተቋማት ውስጥ የ20ዎቹ የሰው ኃይል ከተቀመጠው የ85 በመቶ መለኪያ በታች መሆኑን ገልጸዋል። የኒው ዮርክ አካባቢን የሚቆጣጠረው ማዕከል ያሟላው 54 በመቶውን ብቻ ነበር። ክፍተቱን ለመሸፈን ተቆጣጣሪዎች በግዴታ የትርፍ ሰዓት ሥራና በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ እንደነበር ሪፖርቱ ያመለክታል።

ድካምን ለመቀነስ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ ኤፕሪል 2024 በሁለት ፈረቃዎች መካከል 10 ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት ፈረቃ በፊት ደግሞ 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር መወሰኑን አስታውቋል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ አገሮች የተቆጣጣሪዎችን ድካም የሚመለከት ደንብ እንዲያወጡ የቺካጎ ኮንቬንሽን አባሪ 11 ያስገድዳል።

አዲስ መሣሪያ መትከልም ያለ ሰው አይበቃም። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ኤርባስ 350 በማረፍ ላይ ሳለ በመንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በኤርባሱ የነበሩት 379 ሰዎች ሲተርፉ ከጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላኑ ስድስት ሠራተኞች አምስቱ ሞተዋል። የመንደርደሪያው ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይሠራ የነበረ ቢሆንም ተቆጣጣሪው አላስተዋለውም። የአገሪቱ መንግሥት ከቀናት በኋላ ስክሪኑን ብቻ የሚከታተል ሠራተኛ መድቧል።

ሪፖርት ማድረግና ተጠያቂነት

የአደገኛ መቀራረብ መረጃ የሚጠቅመው ለሚመለከታቸው ሁሉ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይቃረብ የነበረ የቲ ደብሊው ኤ ቦይንግ 727 አውሮፕላን በቨርጂንያ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ሞተዋል። አብራሪዎቹ ከተቆጣጣሪው የተሰጣቸውን የመቃረቢያ ፈቃድ የተረዱት ተቆጣጣሪው ባሰበው መንገድ አልነበረም። ከስድስት ሳምንታት ገደማ በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ ተመሳሳይ ስህተት ሠርተው ለጥቂት ተርፈዋል። ይህ አየር መንገድ የራሱን አብራሪዎች ቢያስጠነቅቅም መረጃው ለሌሎች አልደረሰም።

ይህን መሰል ክፍተት ለመዝጋት እ.ኤ.አ በ1976 የአቪዬሽን ደህንነት ሪፖርት ማድረጊያ ሥርዓት ተቋቋመ። ሥርዓቱ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን በአገሪቱ የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ እንዲተዳደር የተደረገው፣ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ማንነታቸው ሳይገለጥ ስህተታቸውን በነጻነት እንዲያስታውቁ ለማስቻል ነው። ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥፋትና ወንጀል በዚህ ከለላ አይሸፈንም።

በሕግ ተጠያቂነት ረገድ አገሮች የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። በጃፓን እ.ኤ.አ በ2001 ለተከሰተው መቀራረብ ለፍርድ የቀረቡት ሠልጣኙ ተቆጣጣሪና አሠልጣኟ ናቸው። በ2006 በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነጻ ቢባሉም በ2008 በይግባኝ ጥፋተኛ ተብለው በገደብ የእስራት ቅጣት ተወስኖባቸዋል። የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2010 ውሳኔውን አጽንቷል። በስዊዘርላንድ ደግሞ በዩበርሊንገን አደጋ ምክንያት ከተከሰሱ ስምንት የስካይጋይድ ሠራተኞች አራቱ በ2007 ጥፋተኛ ተብለዋል። ከእነዚህ ሦስቱ በኃላፊነት ቦታ ላይ የነበሩ ሲሆኑ በገደብ የእስራት ቅጣት ተወስኖባቸዋል።

ሠራተኛን መቅጣት ብቻውን የተበላሸን የስልክ መስመር አይጠግንም፤ የጎደለን ተረኛም አይተካም። የቺካጎ ኮንቬንሽን አባሪ 13 የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አይደለም ሲል የሚደነግገውም በዚህ ምክንያት ነው። የወንጀል ተጠያቂነት በራሱ መንገድ የሚታይ ይሆናል።

ለኃላፊዎች የሚቀርብ ጥያቄ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1944 የቺካጎ ኮንቬንሽንን ከፈረሙ አገሮች አንዷ በመሆኗ የኮንቬንሽኑ አባሪዎች ደረጃዎች እንደሌሎቹ አባል አገሮች ሁሉ ይመለከቷታል። የአየር ትራፊክ አገልግሎትን በሚሰጡ፣ በሚቆጣጠሩም ሆነ በጀቱን በሚያጸድቁ መሥሪያ ቤቶች ያሉ ኃላፊዎች ከተጠቀሱት አደጋዎች የሚያገኟቸው ጥያቄዎች ቀላልና ግልጽ ናቸው። ሁለት የሥራ ምድቦች ሲጣመሩ የሚፈቅደው ማን ነው? ጥገና ሲካሄድ ተረኛው የትኛው መሣሪያ እንደተዘጋ በጽሑፍ ይነገረዋልን? ዘንድሮ የሚመለመለው ሠልጣኝ ከስንት ዓመት በኋላ ብቻውን ይሠራል? ባለፈው ወር የተመዘገቡትን መቀራረቦች ያነበበው ማን ነው? ምንስ ተወሰነ?

አደገኛ መቀራረብ ያለ ጉዳት ሲያልፍ ሥርዓቱ በትክክል የሚሠራ ያስመስላል። በአገራችን «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚባለው አባባል ለዚህ ሁኔታ ይስማማል። በዋሽንግተን በተመዘገቡት 85 መቀራረቦች ውስጥ የነበሩት መንገደኞች በሙሉ በሰላም አርፈው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የእነርሱ በሰላም መግባት የተመዘገበው ማስጠንቀቂያ ሳይነበብ እንዲቆይ ምክንያት ሊሆን አይገባም ነበር።